ከአውሎ ነፋሱ በኋላ የመጣ ፖንጋል

በ2011 ዓ.ም. ታይ ፖንጋል የዋለው ጥር 7 ቀን፣ በሥላሴ ዕለት ነበር። ይህ የታሚሎች የመኸር በዓል በእነርሱ አቆጣጠር ታይ የሚባለው ወር ሲጠባ ስለሚከበር ሁልጊዜ በእኛ ገናና ጥምቀት መካከል ይውላል፤ ከአገሩ ወጥቶ ለሚማር ኢትዮጵያዊ ደግሞ ያ ሰሞን ሆድ የሚያባባ ነው። ስለዚህ ደቡብ ሕንድ፣ ታሚል ናዱ ውስጥ አብሮኝ የሚማረው ጓደኛዬ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር እንዳሳልፍ ሲጋብዘኝ ሳላቅማማ እሺ አልኩት። ቤተሰቡ ካቶሊክ ነው። መንደራቸው ከፓቱኮታይ ከተማ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የካቬሪ ወንዝ ውኃ በየቦዩ ተከፋፍሎ ሲያበቃ መጨረሻ ላይ በሚደርስበት አካባቢ ይገኛል፤ ፖንጋልንም በየቤታቸው ብቻ ሳይሆን በቤተ ክርስቲያናቸው ቅጥር ግቢ ተሰብስበው ያከብሩታል።

አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት። ያደግሁት በኦርቶዶክስ ቤት፣ ልማድ የት ላይ አብቅቶ ሃይማኖት የት ላይ እንደሚጀምር በዕጣኑም በቄጤማውም ሲከራከሩ በሚያመሹ ሰዎች መካከል ነው። ፖንጋል በሂንዱዎች ዘንድ ለፀሐይ አምላክ፣ ለሱሪያ፣ የሚቀርብ ምስጋና ነው። ከታጨደው አዲስ ሩዝ በደጅ፣ ፀሐይዋ እያየችው፣ በወተት ይቀቀላል፤ ሲገነፍልም ዓመቱ ሞላ ይባላል። ታዲያ ያው ማሰሮ በመስቀል ሥር ሲጣድ ምስጋናው ለማን ይደርሳል? ጓደኛዬን በአውቶቡስ ላይ ስጠይቀው ሳቀና «ለእናቴ አቅርብላት፣ እኔ እበላለሁ እንጂ አላውቅም» አለኝ።

ፓቱኮታይን አልፈን ወደ መንደሩ ስንጠጋ ግን ጥያቄዬ ለጊዜው ከአእምሮዬ ወጣ። ኅዳር 7 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 2018) ንጋት ላይ ጋጃ የተባለው አውሎ ነፋስ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በናጋፓቲናምና በቬዳራንያም መካከል ወደ የብስ ገብቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላውም በዓሉ ደረሰ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የኮኮናት ዛፎች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጋድመዋል፤ አንዳንዱ ከሥሩ ተነቅሎ፣ አንዳንዱ ከወገቡ ተቀንጥሶ። በዚያ አገር የኮኮናት ዛፍ ማለት የጡረታ ደሞዝ ማለት ነው። አንዴ ከጸደቀ በኋላ በየአርባና በየሃምሳ ቀኑ ፍሬው እየተለቀመ ለአሥርት ዓመታት ቤት ያኖራል፤ ልጅ የሚማረውም ሴት ልጅ የምትዳረውም በእርሱ ነው። ሲወድቅ ደግሞ የሚተካው ችግኝ እንደየዝርያው ፍሬ ለመስጠት ከ4 እስከ 8 ዓመት ይወስዳል። የወደቀውን ግንድ ከማሳ ለማውጣት ራሱን የቻለ ገንዘብ ስለሚያስፈልግ ብዙው እንደወደቀ ነበር።

ሩዙ በከፊል ተርፏል። በካቬሪ ዴልታ፣ ወንዙ ተከፋፍሎ ወደ ባሕር በሚገባበት ሜዳ፣ ሳምባ የሚባለው ዋናው ሰብል የሚዘራው በነሐሴና በመስከረም፣ የሚታጨደው ደግሞ በጥርና በየካቲት ገደማ ነው። ውኃው የሚመጣው በ1934 እ.ኤ.አ. ከተጠናቀቀው የሜቱር ግድብ ሲሆን፣ ግድቡን በየዓመቱ ጁን 12 ቀን መክፈት የቆየ ልማድ ነው። በ2018 ግን የተከፈተው ጁላይ ውስጥ ነበር። ከላይኛው ተፋሰስ ካለችው ከካርናታካ ክልል ጋር በውኃው ላይ የነበረው ክርክር በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተወስኖ ካርናታካ ለታሚል ናዱ በዓመት 177.25 ቢሊዮን ኪዩቢክ ጫማ እንድትለቅ ታዟል፤ ይህን ቁጥር የጓደኛዬ አባት እንደ ልጃቸው የልደት ቀን በቃላቸው ያውቁታል። እንግዲህ ያን ዓመት ውኃው ዘግይቶም ቢሆን መጣ፣ ሩዙ በቀለ፣ ከዚያ ነፋሱ መጣ። የቦይ ጫፍ ላይ ያለ ገበሬ ለምስጋና ሲጠራ ምን ብሎ እንደሚመጣ ማየት ፈለግሁ።

ቅዳሴው በማለዳ ነበር። ጫማ በደጅ ይወልቃል፤ ሰው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል፤ ወንዶች ነጭ ቬሽቲ አገልድመው፣ ሴቶች አዲስ ሳሪ ለብሰው ጠጉራቸው ላይ የጃስሚን አበባ ሰክተዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በአንድ ወገን ቆርቆሮው ተገንጥሎ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ ስለነበር ነፋስ ሲመጣ ሸራው እየተንኳኳ ካህኑን ያቋርጣቸው ነበር። በመንበሩ አጠገብ የቆመው ረጅም የነሐስ የዘይት መብራት ኩቱቪላኩ ይባላል፤ በሂንዱ ቤትም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እኩል ይታያል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ የሕንድ ጳጳሳት ያቀረቧቸውን 12 ማስተካከያዎች ሮም አጽድቃለች፤ ጫማ ማውለቅ፣ ሁለት እጅን አጋጥሞ ሰላም መባባል፣ በሻማ ፈንታ የዘይት መብራት መጠቀምና መሬት ላይ መቀመጥ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እኔ ጫማዬን ሳወልቅ እንግዳነቴ ትንሽ ቀለለልኝ፤ ሮም በ1969 የፈቀደችውን እኛ ስንት ዘመን እንደኖርንበት እያሰብኩ።

የመባው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከነአገዳው የታሰረ የሩዝ ነዶ፣ ከነቅጠሉ የተነቀለ የእርድ ተክል፣ ዱባ፣ የሙዝ ዘለላ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሸንኮራ አገዳ መጣ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ያመጣው ግን ዓይኔን ያዘው፤ በነፋሱ ወቅት ሳይበስል የረገፈ፣ ጠቁሮ የተጨማደደ ትንሽ ኮኮናት በሰሃን ላይ ነበር። ማንም ጉድ አላለም፤ ካህኑም ከሌላው ጋር ተቀብለው ከመንበሩ ሥር አኖሩት። የተነበበው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 ነው፤ እስራኤላዊው የምድሩን በኩራት በእንቅብ ይዞ በካህኑ ፊት ሲቆም አባቱ ተቅበዝባዥ እንደነበረና በግብፅ ባርነት እንዳለፈ የሚናገርበት ክፍል። ጓደኛዬ በጆሮዬ እየተረጎመልኝ፣ ያ ሰው ምስጋናውን የሚጀምረው የእህሉን ብዛት በመቁጠር ሳይሆን የደረሰበትን መከራ በመተረክ መሆኑን ያኔ አስተዋልኩ። ምዕራፉን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ጆሮዬ የሚይዘው አሥራቱን ብቻ ነበር።

ከቅዳሴው በኋላ የተደረገው ሁሉ በግቢው ውስጥ ነው። ሴቶቹ ገና ሳይነጋ መሬቱን ጠርገውና ውኃ ረጭተው በሩዝ ዱቄት ኮላም ሥለውበታል፤ በጣት መካከል እያንጠባጠቡ የሚያወጡት የነጠብጣብና የመስመር ጥልፍ ነው። መሐሉ ላይ መስቀልና ጽዋ አለበት፤ ዙሪያውን ግን ሎተስና ፀሐይ ነው። ጉንዳኖች ከወዲሁ ደርሰውበት ዱቄቱን ይሸከሙ ነበር፤ ይህም የተፈለገ ነው አሉኝ፣ ለፍጥረት ሁሉ የሚደርስ ድርሻ ነውና። ከኮላሙ ወዲያ ጉልቻዎች በሦስት በሦስት ተደርድረዋል። የማገዶ ችግር በዚያ ዓመት አልነበረም፤ የኮኮናት ዝንጣፊና ግንድ ሞልቷል። አንዲት አሮጊት ዝንጣፊ እየሰባበሩ እሳቱ ውስጥ ሲጨምሩ የተናገሩትን ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ «ጋጃ ቢያንስ እንጨት ሰጠን» ማለታቸው ነበር፤ በዙሪያቸው ያሉት ከልባቸው ሳቁ።

የጓደኛዬን እናት እንደ ሰፈሩ ልጆች ሁሉ አማ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም ታምቢ፣ ማለት ታናሽ ወንድም፣ እያሉ ይጠሩኛል። ሥራቸውን ከአጠገባቸው ሆኜ ተመለከትኩ። አዲስ የሸክላ ማሰሮ አንገቱ ላይ እርጥብ የእርድ ተክል ከነቅጠሉ ታሰረለት። ወተትና ውኃ ተጨምሮ ተጣደ፤ አፋፉ ድረስ ነው የሚሞላው፣ ምክንያቱም መገንፈል አለበት። ወተቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወሬው ሁሉ ቆመ። ነጭ አረፋው ከአፉ ወጥቶ በማሰሮው ጎን ሲወርድና እሳቱ ላይ ሲንጫጫ ልጆቹ «ፖንጋሎ ፖንጋል!» ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹም ምላሳቸውን እያርገበገቡ ኩላቫይ አሰሙ። እልልታ ነው። ሌላ ምንም ልለው አልችልም፤ ዓይኔን ብጨፍን አራት ኪሎ ሥላሴ ነበርኩ። ከዚያም አማ የታጠበውን አዲስ ሩዝ ከማሾ ክክ ጋር ቀላቅለው በሁለት እጃቸው ዘግነው ሦስት ጊዜ ማሰሮውን ዞረውበት ጨመሩ። ሩዙ ሲበስል ቬላም የሚሉት፣ ከሸንኮራ ጭማቂ የሚፈላ ቡናማ ስኳር ተሰብሮ ገባ፤ በመጨረሻም በቅቤ የተጠበሰ ካሽውና ዘቢብ፣ ሄልም ተነስንሶበት ወረደ። በዓሉም ምግቡም በአንድ ስም ይጠራሉ።

አረፋው በየትኛው አቅጣጫ ቀድሞ እንደሚፈስ ሁሉም ያያል። በምሥራቅ ከፈሰሰ መልካም ነው ይባላል። ካህኑ፣ የደብሩ ቆሞስ፣ በስብከታቸው በእንዲህ ያለ ነገር መታመን እንደማይገባ ተናግረው ነበር፤ የእነ አማ ማሰሮ ሊገነፍል ሲል ግን እርሳቸውም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩ። በደቡብ በኩል ፈሰሰ። አማ ጉልቻው ዘሞ ነው ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

የያዝኩትን ጥያቄ ያቀረብኩላቸው ያኔ ነው። ለፀሐይ ነው ወይስ ለእግዚአብሔር? አማ እንደ ሞኝ ጥያቄ አልናቁትም፤ «ጎረቤታችን ፀሐይን ያመሰግናል፣ እኛ ፀሐይን የሠራውን እናመሰግናለን፤ ሩዙን የምንገዛው ግን ከአንድ ወፍጮ ነው» አሉኝ። በሃይማኖት ትምህርት ቤት ሊያከራክር የሚችል መልስ ነው፤ ሲያከራክርም ኖሯል። ከካቶሊክ መነኮሳት ማኅበራት አንዱ የሆነው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል፣ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ዴ ኖቢሊ፣ በ1606 እ.ኤ.አ. ማዱራይ ደርሶ እንደ ሕንድ መናኝ ለብሶ፣ ሥጋ ትቶ፣ ታሚልኛና ሳንስክሪት ተምሮ፣ የአገሬው ሰው ክርስቲያን ለመሆን ሲል የደረት ክሩን መበጠስ፣ ቁንጮውን መላጨት፣ የሰንደል ቅባቱን መተው አያስፈልገውም ብሎ ተከራከረ፤ እነዚህ የማኅበራዊ ኑሮ ምልክቶች እንጂ አምልኮ አይደሉም ባይ ነበር። የሮም ጳጳስ ጎርጎርዮስ 15ኛ በ1623 ፈቀዱለት። ክርክሩ ግን ከእርሱ ሞት በኋላም ቀጥሎ፣ በ1704 ከሮም የተላኩት ልዑክ ቱርኖን በፖንዲቼሪ ብዙ ልማዶችን ከለከሉ፤ በ1744 ቤኔዲክቶስ 14ኛ ጉዳዩን በጥብቅ ድንጋጌ ዘጉት፤ ሚሲዮናውያን በዚህ ነገር ላይ ይምሉ የነበረው መሐላ የተነሣላቸውም በ1940 ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ስለሄድኩ በግቢው ውስጥ የማየው ነገር የዚያ ክርክር መልስ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን በመንደሩ የሚያከራክረው ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ማሰሮዎቹ የተጣዱት በአንቢያም ነው። አንቢያም ማለት በታሚል ካቶሊኮች ዘንድ ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ትንሽ ማኅበር ነው፤ ጽዋ ማኅበርን ለሚያውቅ ሰው ለመረዳት አያስቸግርም። አንቢያም የሚደራጀው በመንገድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በዚያ አገር ከጥንት በካስት፣ ማለት በትውልድ በሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ፣ የተሰፈረ ነው። ስለዚህ ማሰሮ በአንቢያም ሲጣድ፣ ማንም ሳይናገረው፣ በካስት ተጣደ ማለት ነው። በግቢው ዳር፣ ከሌሎቹ ጥቂት እርምጃ ርቀው የተጣዱት ማሰሮዎች የዳሊቶቹ፣ ማለት በካስት ከሁሉ በታች ተደርገው የሚቆጠሩት ሰዎች፣ ነበሩ።

በታሚል ናዱ ካቶሊኮች መካከል ዳሊቶች ብዙኃኑ ናቸው፤ ሆኖም የመቃብር ቦታ ሳይቀር በግንብ የተከፈለባቸው ስፍራዎች መኖራቸውን ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ አትክድም። የሕንድ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ በዲሴምበር 2016 ስለ ዳሊቶች ባወጣው የፖሊሲ ሰነድ መድልዎው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መኖሩን በግልጽ አምኗል። በመንግሥት በኩል ደግሞ የ1950ው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ለዳሊቶች የሚሰጠውን ልዩ የትምህርትና የሥራ ዕድል ለሂንዱዎች፣ በኋላም ለሲኮችና ለቡድሂስቶች ብቻ ስለፈቀደ፣ ክርስቲያን የሆነ ዳሊት ከሁለቱም ወገን ይጎድልበታል። ሩዙን የዘራው፣ ያረመው፣ ያጨደው በአብዛኛው እርሱ ነው። መሬቱ ግን የሌላ ነው። ኮምባይነር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የአጨዳው የቀን ሥራም እያነሰ ሄዷል።

በዳሩ ማሰሮ አጠገብ ከተቀመጡት ሴቶች አንዷን፣ ጓደኛዬ አካ፣ ማለት ታላቅ እኅቴ፣ ብሎ የሚጠራትን፣ ስለ ዓመቱ ምርት ጠየቅኋት። መሬት የላትም። የኮኮናት ዝንጣፊ እየጎነጎነች ለጣሪያ መሸጥና ፍሬ በሚለቀምበት ቀን ልጣጩን መላጥ ነበር ሥራዋ፤ ዛፉ ሲወድቅ ባለቤቱ ስለ ዛፉ ካሳ ይመዘገባል፣ እርሷ የምትመዘገብበት መዝገብ ግን የለም። የማሰሮዋ ሩዝ፣ ስኳርና ካሽው የክልሉ መንግሥት ያን ዓመት ለራሽን ካርድ ባለቤቶች ከ1,000 ሩፒ ጋር ካደለው የፖንጋል ስጦታ የመጣ ነው፤ ሁለት ጫማ ርዝመት ያለው ሸንኮራ አገዳም ነበረበት፣ እርሱን ልጇ እየጋጠ ነበር። ቃሏን በማስታወሻዬ ላይ ያን ዕለት ስለጻፍኩት እንዳለ ላስቀምጠው፦ «ምርቱ የእነርሱ ነው፤ ምስጋናው ግን የኔም ነው፣ ድካሙ የኔ ስለሆነ።» ለማን እንደሚደርስ ስጨነቅ የከረምኩበት ምስጋና ከማን እንደሚነሣ አለመጠየቄ ገረመኝ። የማለዳው ምንባብ እኮ ቀጥሎ፣ በቍጥር 11፣ ሌዋዊውም በመካከል ያለው መጻተኛም አብረው ደስ ይበላቸው ይላል፤ ርስት የሌላቸው ሁለቱ ማለት ነው።

ቆሞሱ ይህን ሳያውቁት የቀሩ ሰው አይደሉም። ማሰሮዎቹ ሲወርዱ፣ ከሠርግ ቤት የተዋሱትን ግዙፍ ጎድጓዳ ብረት ድስት በግቢው መሐል አስቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ ማሰሮ ሁለት ሁለት ጭልፋ እየወሰዱ ቀላቀሉት፤ ለሁሉም በሙዝ ቅጠል የታደለው ከዚያ ነው። ከአንዱ ማሰሮ ነጣ ያለ፣ ከሌላው የጠቆረ፣ ከሌላው ጨው የበዛበት ሩዝ ተደባልቆ ጣዕሙ ወጥ አልነበረም። ሁሉም ግን አልበሉም። አንዳንድ ቤተሰቦች፣ ልጅ ታሞብናል፣ እንግዳ አለብን እያሉ የራሳቸውን ማሰሮ ይዘው ከቅልቅሉ በፊት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቆሞሱ በስም አልጠሯቸውም፣ አልገሠጿቸውምም። አማ ግን ከኋላቸው እያዩ «በየዓመቱ ልጃቸው የሚታመመው በፖንጋል ነው» አሉ፣ ጮክ ብለው። አማ ራሳቸው ከዚያው መንገድ ናቸው።

በማግስቱ ማቱ ፖንጋል፣ የከብቶች ቀን ነው። ላሞችና በሬዎች ታጥበው፣ ቀንዳቸው ሰማያዊና ቀይ ተቀብቶ፣ አንገታቸው በአበባና በቃጭል ተጌጦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጯቸዋል። በግቢው ማዕዘን ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ከአሳማ ጋር የቆመ ሽማግሌ ሐውልት አለ፤ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ ቫናቱ አንቶኒያር፣ የበረሃው እንጦንስ አሉኝ። የመነኮሳት አባት የምንለው የግብፁ እንጦንስ ነው። በምዕራባውያን ዘንድ የእንስሳት ጠባቂ ስለሚባልና በዓሉም ጃንዋሪ 17፣ ከማቱ ፖንጋል ጋር ተጠግቶ ስለሚውል፣ የታሚል ካቶሊክ ገበሬ ከብቱን በእርሱ ስም ያስባርካል። በእኛ ስንክሳር የሚታሰበው ጥር 22 ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩ ተለያየ እንጂ ቀኑ አንድ ነው። እኛ አገር እንጦንስን ከበሬ ጋር ያያያዘው ሰው አላጋጠመኝም።

ከብቶቹ ካለፉ በኋላ አንድ ትራክተር መጣ፣ ቀንዱ ስለሌለ መብራቱ ተቀብቶ። ከትራክተሩ በስተኋላ ደግሞ ገበሬዎች የኮኮናት ችግኝ በጋሪና በሞተር ብስክሌት ጭነው ተሰልፈው ነበር፤ ካህኑም በቅጠሎቹ ላይ ጠበል እየረጩ አንድ በአንድ አለፏቸው። ሰልፉ ሲበተን እዚያው ቆመው ስለ ዝርያ መከራከር ጀመሩ። ረጅሙ ዝርያ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ፍሬውም ትልቅ ነው፣ ግን ብዙ ዓመት ያስጠብቃል፤ አጭሩ ቶሎ ያፈራል፣ ቶሎም ያረጃል። የጓደኛዬ አባት ስለ ረጅሙ ጥቅም ብዙ ካወሩ በኋላ የገዙት አጭሩን ነበር፤ የባንክ ብድሩ ስምንት ዓመት አይጠብቅማ።